ጥርስ የሌለው ቁልፍ

ሚስባህ የሽመና ማሽን የሚያክመው በጆሮው ነው። ሰማንያ ማሽን በአንድ አዳራሽ ሲንጫጫ፣ ሌላው ሰው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ በእጁ እያመለከተ ሲነጋገር፣ እሱ መሀል ላይ ይቆምና አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። «በወዲያኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው አራተኛዋ፣ ብሎን ላልቶባታል» ይላል። ሄደው ሲያዩ ላልቶ ይገኛል።

ሀያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። ጠዋት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው የአባቱ ቤት ይወጣና የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ማታ ሐረጎን ሽቅብ ወጥቶ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ዓመት መፍቻ በየት በኩል እንደሚያዝ እሱ ያሳያቸው ልጆች ከረባት አስረው አልፈውታል። እሱ ያው ሰማያዊ ቱታ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ሌላ ምን ይለብሳል? ወረቀት ያለው ይሾማል፣ እጅ ያለው ይጠግናል፤ የአገሩ ሕግ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት «ቀለሙ ቢሮው ይፈልግሃል» ሲሉት፣ መጀመሪያ ወደ ልቡ የመጣው «ምን አጠፋሁ?» የሚል አልነበረም። «ምን ሊያደርገኝ ነው?» የሚል ነበር።

ቀለሙ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ጠጉሩ የነጣ፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ የቦሩ ሜዳ ሰው። ድሮ ሁለቱም መፍቻ ሲይዙ ጓደኛሞች ነበሩ። «ሥጋው ቢለያየን ሽሮው አንድ ያደርገናል» እየተባባሉ ከአንድ ሰሀን ይበሉ ነበር። አሁን ግን አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥራ ቃል በቀር በመካከላቸው ቃል አያልፍም። ዘይት፣ ቀበቶ፣ ብሎን፤ አለቀ። ቀለሙ በየአረፋው ወደ ማሽኑ ይመጣና «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል። ሚስባህ በጫጫታው እንዳልሰማ ይሆናል። በጆሮው የሚተዳደር ሰው!

«ተቀመጥ» አለው ቀለሙ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«አብርሃም ሥራ መልቀቁን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ቦታው ላንተ ይሁን ብዬ ጽፌያለሁ። ሥራ አስኪያጁም ተስማምቷል። የሽመና ጥገና ኃላፊ ትሆናለህ። ግቢ ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ከሹመቱ ጋር ነው፤ ማሽን ሲቆም ኃላፊው በቅርብ እንዲገኝ።» አንድ ወረቀት ገፋ አደረገለት። «ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ፈርመህ አምጣልኝ። ካለፈ ከአዲስ አበባ ሰው ይልካሉ።»

ሚስባህ ወረቀቱን አልነካውም።

«ለምን እኔን?»

«ለጆሮህ ነዋ።»

«ጆሮዬ ዘንድሮ ነው የበቀለው?»

ቀለሙ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ወረቀቱን ራሱ አጥፎ በሚስባህ የቱታ ኪስ ውስጥ ከተተለት። ይህም ለሚስባህ ሌላ ጥርጣሬ ሆነ። ለሰው በጎ የሚያደርግ ሰው ኪስ ውስጥ ይከታል እንዴ? ኪስ ውስጥ የሚከተት ጉቦ ነው፣ ካልሆነም ወጥመድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአስራ ሰባት ዓመት በፊት ፋብሪካው አዲስ ማሽን አስመጣና አምስት ሠራተኛ ህንድ አገር ለስምንት ወር ሥልጠና ሊልክ ሆነ። ስም ዝርዝሩ በር ላይ ሲለጠፍ ሚስባህ ሦስተኛ ነበር። ያኔ ወረቀት የሌለው ሰው ሲመረጥ የመጀመሪያው ነበር። በተውሶ ኮት ፒያሳ ሄዶ የፓስፖርት ፎቶ ተነሳ። ሰፈሩ ሁሉ «ህንዱ» ይለው ጀመር። በሳምንቱ አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ። ሚስባህ የለበትም። በእሱ ቦታ ቀለሙ ነበር።

ማንም ምንም አላለውም። አስተዳደር ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ «ተስተካክሏል» አሉት፤ ቃሉ ይቺው ነች። ቀለሙ ሄደ፣ ተምሮ መጣ፣ ደረጃ በደረጃ ወጣ። ሚስባህ ቀረ። ስሙ ግን አልቀረም፤ ቧንቧ ውሃ ላይ ሻይ ቤት በገባ ቁጥር «ህንዱ መጣ! ለህንዱ ሻይ!» እያሉ ዓመታት ሙሉ ሳቁበት። ሰው የተገፋን ሰው ሲያይ እጁን ከሚዘረጋለት ስም ቢያወጣለት ይቀለዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዛሬ ሹመት ይዞ የመጣው። ሚስባህ ሐረጎን ሲወጣ ጭንቅላቱ እንደ ማሽን ይዞር ነበር። አብርሃም ወረቀት ያለው ጎበዝ ልጅ ነው፤ በአራት ወሩ ለምን ሸሸ? ባለፈው ዓመት የገቡት ማሽኖች ፊታቸው ላይ ጽሑፍ የሚያሳይ መስታወት አላቸው፣ የሚናገሩትም በእንግሊዝኛ ነው። ሚስባህን ፊታቸው አቁመው «በል አንብብ» ሊሉት ነው። ሊስቁበት ነው። ቀለሙ በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣል፤ ሊሄድ ሲል የመጨረሻ ሳቁን ፈልጎ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ወረቀቱን ቀዶ በመስኮት እንዳይጥለው የያዘው። እሷም መዲና ናት።

ሚስቱ መዲና አስም አለባት። የደሴ ብርድ ደረቷ ላይ ከተቀመጠ ስድስት ዓመት ሆነው። ክረምት ሲገባ የምትተኛው ተቀምጣ ነው፣ ትራስ ከኋላዋ ደርድራ። ሐኪሙ መድኃኒት መጻፉን ትቶ «ወይዘሮ፣ ደሴን ይተዉ። ሞቅ ወዳለ አገር ይውረዱ። ሌላ ክረምት እዚህ ባያሳልፉ ደስ ይለኛል» ብሏታል። ኮምቦልቻ ደግሞ የሀያ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ናት፤ ግን የሚስባህ ደመወዝ ደሴ የአባቱ ቤት ያኖረዋል እንጂ ኮምቦልቻ ቤት አያከራየውም።

«አልሃምዱሊላህ!» አለች መዲና ወሬውን ስትሰማ። ፊቷ እንደ ልጅ ፊት በራ።

«ምኑ ነው የሚያስመሰግነው? ማን እንደሰጠኝ ሰምተሻል?»

የፊቷ ብርሃን ጠፋ። «ሰምቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ካልቆረጠልህ ኢስቲኻራ ስገድ እንግዲህ» አለችው።

ኢስቲኻራ ማለት ሰው በነገር ሲወላውል ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ «ያ ረቢ፣ ይህ ነገር ለኔ መልካም ከሆነ አቅርብልኝ፤ ክፉ ከሆነ አርቅልኝ» ብሎ ጌታውን የሚያማክርበት ነው። ሚስባህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰገደ። አፉ ዱዓውን በትክክል አለው። ልቡ ግን ሌላ ነገር ይል ነበር፤ «ያ ረቢ፣ ተንኮሉን አሳየኝ።»

ማክሰኞ ሐረጎ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ሚስባህ ጉም ውስጥ ቆሞ ሹፌሩ ጎማ ሲቀይር እያየ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ» አለ በልቡ። ሐረጎ ላይ ጎማ የማይፈነዳበት ሳምንት እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ነው።

ረቡዕ መፍቻው አምልጦት አውራ ጣቱን ቆረጠው። ቀና ሲል ቀለሙ በአጠገቡ እያለፈ ነው። «ሁለት።»

በዚያው ቀን፣ ከሥራ ተመልሶ አረፍ ባለበት እንቅልፍ ሸለብ አደረገውና አለመ። ቀለሙ አዲስ ቁልፍ ሰጠው። ቁልፉ ረጅም፣ የሚያብለጨልጭ ነው፤ ግን ጥርስ የለውም። ልሙጥ ብረት። በሩ ላይ ቢያዞረው ይዞራል፣ በሩ አይከፈትም፤ ከኋላው ሰዎች «ህንዱ! ህንዱ!» እያሉ ይስቃሉ። በላብ ተጠምቆ ነቃ። «ሦስት» አለ። ሲነቃ መዲና ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ይዛ ታስል ነበር። ይህን ከምልክት አልቆጠረውም። ለምዶታላ።

ሐሙስ የዕረፍት ተራው ነበር። ወደ ገራዶ ሄደ፣ ልጅ ሳለ ቁርአን ወዳስተማሩት ወደ ሸህ በሺር። ሊማከር አይደለም የሄደው፤ ያየው ምልክት ምልክት መሆኑን እንዲመሰክሩለት ነው። ሸሁ ከመስጊዱ ጀርባ የንብ ቀፎ እበት ሲለቀልቁ አገኛቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ሸኼ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። እጄ እበት ነው፣ ክንዴን ጨብጥ። ምን እግር ጣለህ? የቸገረህ ጊዜ ነው የምትመጣው አንተ።»

ሚስባህ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው፤ ሹመቱን፣ ቀለሙን፣ ህንድን፣ ጎማውን፣ ጣቱን፣ ቁልፉን። ሸሁ ቀፎውን እያገላበጡ ሰሙ።

«ሚኒባሱ ውስጥ ስንት ሰው ነበራችሁ?»

«አስራ አምስት።»

«ምልክቱ ለአስራ አምስታችሁም ነው ወይስ ላንተ ብቻ?»

ሚስባህ የቆሰለ አውራ ጣቱን በመዳፉ ደበቀ።

«ስትሰግድ ኒያህ፣ የልብህ ሐሳብ፣ ምን ነበር? እውነቱን።»

«ሰውዬው ሊያታልለኝ እንደሆነ አላህ እንዲገልጥልኝ።»

«ይኼማ ኢስቲኻራ አይደለም ልጄ። ፈርደህ ከጨረስክ በኋላ ምስክር መጥራት ነው። አላህን ምስክር አድርገህ ቀለሙን ልትከስ!» እበቱን ከጣታቸው ላይ ጠረጉ። «ደግሞ ህልም ጠብቅ ያለህ ማነው? የራበው እንጀራ ያልማል፤ አንተ የምታስበውን አለምክ። በል እሺ፣ ጌታህን ጠየቅህ። ሰውስ አማክረሃል?»

«ሰው አላምንም ሸኼ።»

«እኔንም?»

ሚስባህ መሬቱን አየ።

«ዋ! እኔንም!» ሸሁ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ስማኝ። አትጠርጥር አልልህም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለዋል። ግን የጠረጠረ ሰው ይጠይቃል። አንተ ይህን ሰውዬ 'ስሜን የሰረዝከው አንተ ነህ ወይ?' ብለህ ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

«ሌባ ሰረቅህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ዳኛ ይጠይቀዋል። የማይጠይቀው ጎረቤት ነው።» ቀፎውን ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። «ሚስትህንስ?»

«እሷማ ኮምቦልቻ ካሉላት ሌላ አትሰማም።»

«የምትታፈነው እሷ ናት፣ ውሳኔው ግን ያንተ ብቻ ነው። ማሻ አላህ! ሂድና መዲናን አማክር። አንተ ዝም በልና እሷ ትናገር።»

ከዓስር ሶላት በኋላ ቤቱ ሲደርስ መዲና ደጃፉ ላይ፣ የመጨረሻዋ ፀሐይ ባለችበት፣ ምስር እየለቀመች ነበር። ልጃቸው ሱሀይላ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ሚስባህ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ሸህ በሺር ሚስትህን አማክር አሉኝ። ይኸው እያማከርኩሽ ነው። አልፈርምም።»

«ይኼ ነው ማማከር የሱሀይላ አባት?»

«ሌላ ዓይነት አለው?»

«እኔ እንጃ። አማክረኸኝ አታውቅም፣ በምን አውቃለሁ።»

ነገሯ ወጋው፤ ግን ሐሳቡን አላስለወጠውም። «ምልክት አይቻለሁ መዲና። ሦስት ጊዜ። ሸሁ የፈለጉትን ይበሉ፤ አላህ ነው እያራቀልኝ ያለው። ቀለሙ ስሜን በሰረዘ ዕለት ማንነቱን ያሳየኝ ያው አላህ ነው፣ ዛሬም የሚያሳየኝ እሱ ነው።»

መዲና ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በጌታዬ ላይ አትዋሽ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በቀለሙ ላይ ዋሽ፣ አስራ ሰባት ዓመት ስትዋሽበት ሰምቼ ዝም ብያለሁ። በአላህ ላይ ግን አትዋሽብኝ፤ ወንጀሉ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። ወላሂ ስምህን ያሰረዘው ቀለሙ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሚስባህ መጀመሪያ አልሰማትም። ጆሮው የሰማውን ልቡ አልተቀበለውም። ከዚያም፣ እንደ ልማዱ፣ ጠረጠረ። «ይህን በይ ያለሽ ማነው? ቀለሙ ደውሎልሻል?»

«አዬ አንተ!» ሳል ያዛት። መድኃኒቷን በአፏ ሳበችና ጠበቀች። ሲመለስላት በቁርጥራጭ ትንፋሽ ተናገረች። «ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶብኝ ነበር፣ ታስታውሳለህ። ሦስተኛዋ ሱሀይላ ናት። የአራት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ሐኪሙ አትነሺ፣ አትጎንበሺ ብሎኝ ነበር። አንተ በተውሶ ኮት ፎቶ ተነስተህ መጣህ። ፎቶውን ለሻይ ቤቱ አሳየህ፣ ለጎረቤቱ አሳየህ። እኔን 'ብሄድ እንዴት ትሆኛለሽ?' አላልከኝም። አንድ ቀን እንኳ። እኔም ሻሼን ጠምጥሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ቀለሙን አስጠራሁት። ጓደኛህ እሱ ነበራ። አልቅሼ ለመንኩት። 'እኔ እንደሆንኩ እንዳትነግረው' ብዬ በማርያም አስማልኩት፣ የራሱን መሐላ። ይኸው እስከ ዛሬ ጠብቆታል።»

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትቀር ነበር?»

ሚስባህ ድንገት ብድግ አለ። «ተጠባባቂው ማን ነበር? እኔ ስቀር የሚሄደው?»

መዲና አንገቷን ደፋች። «እሱ ነበር።»

«አየሽ! አየሽ!»

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ የሱሀይላ አባት።»

አልመለሰላትም። ይህን ሲሰማ ልቡ ራሰ የሚል ሰው ካለ ሚስባህን አያውቀውም። አስራ ሰባት ዓመት አንድ ጠላት ነበረው፣ ጠላቱም የት እንደሚቀመጥ ያውቅ ነበር። አሁን አንዱ ሁለት ሆነበት፣ አንዷም ምስሩን የምትለቅምለት ናት። ቤት ገብቶ መስገጃው ላይ ተቀመጠ። ማታ እራት ቀረበ፣ በላ። ሱሀይላ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን እያየች ሰሀኑን አነሳች። ሱሀይላ። ያን ስምንት ወር ህንድ ቢቆይ ኖሮ ይህቺ ልጅ ትኖር ነበር? አያውቅም። ማንም አያውቅም። ይህም አናደደው፤ የሚናደድበት ሰው ማጣቱ ራሱ።

ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ መዲና ተቀምጣ ተኝታለች። ለውዱእ ሊታጠብ ሲል ቆመ። ሰማት። ስድስት ዓመት አጠገቧ ተኝቶ እንደዚያ ጆሮውን ሰጥቶ ሰምቷት አያውቅም። ሲገባ ፉጨት አለው፣ ሲወጣ ይያያዛል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ድሩ ሊበጠስባት ያለች ማሽን ልክ እንዲህ ናት። እንዲህ የምትል ማሽን ቢያገኝ ሳይውል ሳያድር ያስቆማት ነበር። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ።

ዓርብ ሐረጎን ሲወርዱ ጎማ አልፈነዳም። «ይህንንስ ከምልክት ልቁጠረው?» ብሎ አሰበና ራሱን ታዘበ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ሚስባህ የቀለሙ ቢሮ ገባ። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እንደታጠፈ ነው።

«ተቀመጥ።»

ሚስባህ «ቆሜ» ሊል ነበር። ተቀመጠ። ቀለሙ ይህን አየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መዲና ነግራኛለች።»

ቀለሙ መነጽሩን አወለቀ። «ሁሉንም?»

«የሷን። ያንተን ልስማ ብዬ ነው የመጣሁ። ለምን ዝም አልከኝ?»

«አስምላኛለቻ። የሰው ቤት ገመና ነው። ደግሞ ብትሰማ ትፈታታለህ ብዬ ፈራሁ። ያኔ እሳት ነበርክ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ፍም ነህ። አትነድም፣ ግን የነካህን ሁሉ ታቃጥላለህ።»

ሚስባህ አልሳቀም። ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ይህን ጥያቄ ከሐረጎ አናት ጀምሮ ሲያበጀው ነው የመጣው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። በማርያም አላስምልህም፣ እንደ ድሮው ንገረኝ። ወደ አስተዳደር ቢሮ የሄድከው ለሷ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?»

ቀለሙ የያዘውን መነጽር አጣጠፈ። ከውጭ የማሽኑ ጩኸት በመስኮቱ ይገባል።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ስታለቅስ ሳያት አንጀቴ ተላወሰ፤ እሱ እውነት ነው። ግን የቢሮውን ደረጃ በሩጫ ነው የወጣሁት ሚስባህ። ለሰው ችግር የሚሄድ ሰው እንደዚያ አይሮጥም። ህንድ አምሮኝ ነበር። አስራ ሰባት ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ፣ መልስ አላገኘሁለትም። በየአረፋው ወደ ማሽንህ የሚያመጣኝ ያ ሩጫ ነው።»

«ለሷ ብዬ ነው» ቢለው ኖሮ ሚስባህ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ይወጣ ነበር። «ለራሴ ነው» ቢለውም ይወጣ ነበር። «አላውቅም» ያለውን ሰው ግን ምን ያደርገዋል? በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ፋብሪካ ወረቀት ካለው ሰው አፍ «አላውቅም» ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ሳያስበው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነበር። የላላ ነገር ፈለገ፤ በዚህ ቃል ውስጥ የላላ ብሎን አልነበረም።

ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋው። «አብርሃም ለምን ሄደ?»

«ሚስቱ አዲስ አበባ ናት፣ ወልዳለች።»

«እሱን አንተ ነህ የምትለው።»

«ደውልለት። ቁጥሩ ይኸውልህ።»

ቀለሙ የቀልድ መስሎት ነበር። ሚስባህ እዚያው ስልኩን አውጥቶ ደወለ። አብርሃም አነሳ፤ ከኋላው ሕፃን ይጮሃል። «ጋሽ ሚስባህ! ተሾሙ እንዴ? ከርስዎ ሌላ ማን ይችለዋል!» ሚስባህ ሕፃኑ በእውነት ሕፃን መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት አዳመጠና ዘጋው።

«መስታወቱን ማን ያነብልኛል?»

«እስከዳር። አዲሷ መሐንዲስ። እሷ ታነባለች፣ አንተ ትሰማለህ። ሁለታችሁ አንድ ላይ አንድ ሙሉ ሰው ናችሁ፤ ለየብቻ ሁለታችሁንም አልሾምም።»

«ካልሆነልኝስ?»

«ስድስት ወር ሙከራ ነው። ካልሆነልህ ወደ ቱታህ ትመለሳለህ።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ።»

«ማህተም?»

ቀለሙ በዚህ ጊዜ ሳቁን አልያዘውም። «ማህተምም፤ ከፈለግህ ሁለት።»

ሚስባህ የተጨመረውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበ። ማህተሙ እስኪደርቅ ጠበቀ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ በተቆረጠው አውራ ጣቱ እስክሪብቶውን ጨብጦ ፈረመ።

«እንግዲህ መጪው አረፋ እንኳን አደረሰህ ብልህ ትሰማኝ ይሆን?» አለው ቀለሙ።

«ማሽን በሌለበት ቦታ በለኝ። እናያለን።»

ቀለሙ የቤቱን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠው። ሚስባህ መስኮቱ ጋ ሄዶ በብርሃን ያዘው። አንድ በአንድ ጥርሱን በጥፍሩ ነካ። አምስት። ቀለሙ ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባውም፤ እሱም አልነገረውም። ያም ሆኖ ግቢውን ተሻግሮ ሄዶ በሩን ሞከረው። ተከፈተ። ቤቱ ውስጥ የተዘጋ ሙቀት ነበር፣ ኮምቦልቻ ከሰዓት በፊት እንደምትሞቀው ዓይነት። መስኮቱን ከፈተ፣ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ለራሱ ሳይሆን ለሙከራ።

የጁምዓ አዛን ሊል ሲል ለመዲና ደወለ።

«ሻንጣሽን አዘጋጂ» አላት።

ወዲያ ማዶ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣ ፉጨቱ ሳይቀር።

«አውፍ አልከኝ?» አለች።

«ሻንጣ ነው ያልኩሽ» አለና ጆሮውን ከስልኩ ሳይነቅል እስክትዘጋ ጠበቀ።